ያለ አራተኛዋ ጣት

ባለፈው ሰሞን አዲሱ ገበያ አንድ አናጢ ቤት ለጥገና የገባ አሮጌ ፒያኖ አይቼ ክዳኑን ብገልጠው የናፍታሊንና የታፈነ ሱፍ ሽታ ፊቴን መታኝ። እትዬ ሶስና ትዝ አሉኝ፤ ያ ሰውዬም አብሮ መጣብኝ።

እትዬ ሶስና በደርግ ዘመን ጉለሌ ጎረቤታችንና የሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ፤ እኔንም ቤታቸው ፒያኖ ያስተምሩኝ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ደምሰው፣ የሸሸ ወንድማቸውን ፍለጋ ቤታቸው የገባው እኔ ትምህርት ላይ ሳለሁ ነው።

"የት ደበቅሽው?"

"አላውቅም።"

ቀኝ እጃቸው ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ክዳኑን ከረቸመባቸው። አጥንት ሲሰበር የሰማሁት ያኔ ነው። የቀለበት ጣታቸው፣ ከአውራ ጣት ሲቆጠር አራተኛዋ፣ ከዚያ ወዲያ አልታጠፈችም።

ከዓመታት በኋላ ከአንድ ሶሻሊስት አገር ከሚመጣ ኦርኬስትራ ጋር ኮንቼርቶ እንዲጫወቱ ተጠየቁ። ለደህና እጅ እንኳ የሚከብድ ሥራ ነበር። እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር።

"ደምሰው ትልቅ ሰው ሆኗል አሉ። ከፊት ነው የሚያስቀምጡት" ብለው ተቀበሉ።

ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሳቸው ያለ አራተኛዋ ጣት የሚጫወቱበትን መላ ሲፈልጉ ከረሙ። ኮንቼርቶው ውስጥ ቀኝ እጅ እንደ ናዳ የሚወርድበት አንድ ቦታ አለ። መሃል ጣታቸውን በአውራ ጣታቸው ላይ አሻገሩ፤ ፍጥነት ሲጨምሩ እጃቸው ተንተባተበ። ግማሹን ለግራ እጅ ሰጡት፤ ግራውም የራሱ ሥራ ነበረበት። የኖታው ወረቀት በእርሳስና በላጲስ ብዛት ሳሳ። በመጨረሻ አውራ ጣታቸውን ጥቁሩ ቁልፍ ላይ አወጡት፣ እኔን ስንቴ የተቆጡበትን ነገር። እንደ ውሃ ወረደ።

"እትዬ፣ ነውር ነው ይሉኝ አልነበር?"

"ነውሩን የሠራው ሌላ ነው።"

የኮንሰርቱ ዕለት ያንን ናዳ አንድ ድምፅ ሳይጎድል አወረዱት። ደምሰው ከሁሉም በላይ አጨበጨበ፤ ሊጨብጣቸውም መድረክ ወጣ። ማን እንደሆኑ አላወቃቸውም። እጁን ያዙና አልለቅ አሉት።

"ይቺን ጣት ይዳስሷት፣ ጓድ" አሉ፣ ባለሥልጣናቱ ሁሉ እየሰሙ። "የሰበሯት እርስዎ ነዎት።"

ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ በተሰማኝ ደስታ ዛሬም አላፍርም።

እትዬ ሶስና መድረክ ተከለከሉ፣ ከሥራም ተባረሩ። እስኪሞቱ ድረስ ሲቆጩ አልሰማሁም።

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ። ጣቶቼ ሁሉ ደህና ናቸው፤ ያንን ቦታ ግን እሳቸው እንዳገኙት ነው የምጫወተው፣ ተማሪዎቼንም የማስለምደው።

"በአራተኛ ጣት አይቀልም?" ይሉኛል።

"ይቀላል" እላቸዋለሁ፤ ከዚያም የሰውየውን ስም ከነአባቱ እነግራቸዋለሁ።