ስልኩን የምይዘው እኔ ነበርኩ

በዚያን ቀን ከጓዳችን ቀጥላ ባለችው ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል፣ ከማይክሮስኮፑ ፊት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤታችን በግራው ቆማ ስልኩን ይዛለች። ከትምህርት ቤቱ የመጣው የባዮሎጂ አስተማሪ፣ የባለቤቴ የድሮ ተማሪ፣ ከኋላቸው ሆኖ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ያያል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። በባለቤቴ ግራ ያለው ቦታ ከዚያ በፊት የእኔ ነበር።

ባለቤቴ እዚሁ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ ብዙ ዓመት አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ አንድ ያገለገለ ማይክሮስኮፕ ሸለሙት። መብራት የለውም። ከሥሩ ያለች ትንሽ መስታወት የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ወደ ላይ ትልካለች፤ ስለዚህ ጉም በወረደ ቀን ሥራ የለም። ዓለም ከተማ ያለችው ልጃችን ካሜራ ያለው ስልክ ስትልክልን፣ "እኔ የማየውን ሌላውም ቢያየው ምናለ" ብሎ ስልኩን ዓይን በሚደረግበት ቱቦ ላይ መደገን ጀመረ። እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ከታመመ ወዲህ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጁ ነው የሚያነሳው። አንድ ቀን ከጓዳ ጠራኝና፣ "እስቲ አንቺ ያዥልኝ" አለኝ። እንዲህ ተጀመረ።

ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የስልኩ ካሜራ ከቱቦው አፍ ጋር ካልገጠመ የሚታየው ጨለማ ነው። ትንሽ ሲጠጋ ከዳር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ብርሃን ብቅ ይላል፤ ልክ ሲገጥም ሙሉ ክብ ይሆናል። እሱ ማዞሪያውን በቀስታ እያዞረ ምስሉን ያጠራል፣ እኔ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ። "ጠራ! አትተንፍሺ" ይለኛል። አልተነፍስም። እሱም አይተነፍስም። ምስሉ ከተነሣ በኋላ ሁለታችንም እኩል እንተነፍሳለን። በዚያ ቤት አብረን ስናረጅ እንዲያ ተጠጋግተን የቆምንበት ሌላ ሥራ አላስታውስም።

ስንጀምር ተሳስተናል። የገብስ ገለባ አነሣን ብለን ስናይ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ነገር ተጠማዝዞ ተኝቷል። ባለቤቴ ትል ነው አለና ለሰፈሩ ሁሉ አሳየ። ገብስ በጎተራ ያለው ሰው ሁሉ ደነገጠ። በማግሥቱ ያው ትል ከሽንኩርት ልጣጩም ላይ ተገኘ፤ በሠልስቱ ከዶሮው ላባም ላይ። ለካ ከነጠላዬ የረገፈ ጥጥ ኖሯል። "ትሉን የምታረቢው አንቺ ነሽ" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ካነሣኋቸው ሁሉ የምወዳት አንዲት ነበረች። ከገዛ እንዝርቴ ላይ የመዘዝኳቸው ሁለት የበግ ጠጉሮች ተሻግረው ተኝተዋል። አንደኛው ወፍራም ነው፤ መሐል ለመሐል ጥቁር መስመር ይሄድበታል። ሁለተኛው ቀጭን ሆኖ ላዩ እንደ ሣር ክዳን ተደራርቧል። ያንን ጠጉር ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈትለው ክዳን ያለው መሆኑን አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ብዙ አየውና፣ "ይቺ ጥሩ ናት" አለ። እሱ ከዚህ በላይ አያመሰግንም።

ከዚያ በኋላ ልጄ ወለደች፤ ላርሳት ዓለም ከተማ ወረድኩ። ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ እመለስ ነበር። ሴት ሆነች፤ የሴት ደግሞ ሰማንያ ነው። ሕፃኗን ወድጃታለሁ። ቢሆንም ሳጥባት አንዳንድ ቀን የቀረውን እቆጥር ነበር።

አንድ ቀን በስልክ፣ "ታዲያ ማን ይይዝልሃል?" አልኩት።

"ጎረቤታችን አለች። እጇ እንደ ድንጋይ ነው፣ ንቅንቅ አይል።"

"ጥሩ ነው" አልኩ።

ጎረቤታችን ከእኔ ትንሽ የምታንስ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሱፍ ፈትላ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ የምትሸጥ ሴት ናት። ደግ ናት። ስታመም ገንፎ ይዛልኝ የምትመጣው እሷ ናት። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው።

ስመለስ ከባለቤቴ በርጩማ አጠገብ ሌላ በርጩማ አገኘሁ። ከሱፍ ክር የተሠራች ወፍራም ቀለበት ደግሞ ቱቦው ላይ ተሰክታለች። ስልኩ በቀለበቷ ላይ ሲቀመጥ አይንሸራተትም፤ ክቡ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። "እሷ ናት ያሰበችው" አለኝ ባለቤቴ፤ "አየሽ፣ ትንፋሽ መያዝ ቀረ።" ጎረቤታችን ስላይድ የሚባሉት ጠባብ መስታወቶች በየትኛው ቆርቆሮ እንዳሉ ሳትጠይቅ ታነሣለች። ያነሣቻቸውን ምስሎች አሳየኝ። ከእኔዎቹ ይጠራሉ።

"በይ እስቲ ያዥ" አለኝ አንድ ቀን እሷ ሳትመጣ። ያዝኩ። ቀለበቷ ስልኩን ይዛዋለች፤ የእኔ እጅ ከላይ ተቀምጦ ነበር እንጂ ሥራ አልነበረውም። ምስሉ ሲጠራ ባለቤቴ፣ "ንኪው" ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ እሷ ስትመጣ የቤት ሥራ አላጣም ነበር። ሳቃቸው በግድግዳው ይሰማኛል። "ጋሼ፣ ይሄ የቁንጫ እግር ነው ወይስ የጎረምሳ?" ትላለች። እሱ እስኪያስለው ይስቃል። ገበያ ላይ አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ ሰው እየሰማ፣ "አንቺ፣ ባልሽ ሦስተኛ ዓይን አወጣ አሉ፤ የምትይዝለት ግን ጎረቤት ናት!" አለችኝ።

"ሲመሽ ዓይኑም እሱም እቤቱ ናቸው" አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። ጨው ገዝቼ ተመለስኩ።

ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም። ክፉ ነገር ቢኖርስ ይቀለኝ ነበር፤ የምከስሰው ሰው አገኝ ነበር።

አስተማሪው በመጣበት ቀን ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ከምስሎቹ አንዱን አሳትሞ፣ ከሥሩ ያነሣውን ሰው ስም ጽፎ፣ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ነው። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የእኔዋ እንድትመረጥ። ለማንም አልተናገርኩም። አስተማሪው ምስሎቹን በጣቱ እያሳለፈ ቆየና አንዷ ላይ ቆመ።

"ቲቸር፣ ይቺ ምንድን ናት?"

"የመንዝ በግ ጠጉር ናታ! ባናዋን ለብሰህ አይደል ያደግኸው?" አለ ባለቤቴ፣ በጨረፍታ አይቶ ወደ ማይክሮስኮፑ እየተመለሰ።

"ላይዋ እንዲህ ከሆነማ ስታሳክከኝ ያደረችው እውነቷን ነው!"

ሁሉም ሳቁ። አስተማሪው፣ "በቃ ይቺ ትሁን። ማን ልበል? ማን ነው ያነሣት?" አለ።

ባለቤቴ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይል በአገጩ ወደ ግራው አመለከተ። "እሷ ናታ። ሁሉም የእሷ ናቸው።"

ከበሩ ሆኜ ምስሏን አየኋት። ሁለቱ ጠጉሮች እንደተሻገሩ ናቸው። ያስታውሳል ብዬ ጠበቅሁ።

ጎረቤታችን ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። "ኧረ ጋሼ፣ ይቺስ የእኔ አይደለችም። ዳሯን አያዩም፣ ጨልሟል እኮ። ቀለበቷ ሳትሠራ በባዶ እጅ የተነሣች ናት። የእትዬ ናት።"

ባለቤቴ ያን ጊዜ ቀና አለ። አየና፣ "እንዴ፣ አዎ" አለ። ቀጥሎም እየሳቀ፣ "ታዲያ ምን ለውጥ አለው? ማንም ይንካው፣ ያጠራሁት እኔ ነኝ!" አለ።

አስተማሪው ወደ እኔ ዞረ። "እማማ፣ ይቅርታ፣ አላወቅሁም። ስምዎን ማን ብዬ ልጻፍ?"

የምፈልገው ይህ ነበር፤ መጣልኝ። ግን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ እሱ አይደለም። ጎረቤታችን ደግሞ ፊቷ በርቶ፣ ከቆመችበት ፈቀቅ ብላ ስልኩን ዘረጋችልኝ።

"ይምጡ እትዬ፣ ፀሐይዋ ሳትሄድ አንድ ሌላ ያንሡ። ይምጡ፣ በእኔ ቦታ ይቁሙ።"

"በእኔ ቦታ" ስትል ባለቤቴን አየሁት። ማዞሪያውን እያዞረ ነበር።

"የእሷን ስም ጻፍ" አልኩት አስተማሪውን።

"እንዴ እማማ፣ ያነሡት እርስዎ ሆነው?"

"የእሷን ጻፍ።"

"ምን ሆነሽ ነው?" አለ ባለቤቴ።

"ምንም አልሆንኩ። ወፍጮ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ።"

የገብሱን ከረጢት አንሥቼ ወጣሁ።