አንቀጽ ያስደፈነው መስኮት

የሰፈራችን ሰው የዚህን ጎረቤታችንን እውነተኛ ስም ከረሳው ቆይቷል፤ አንቀጽ እያለ ነው የሚጠራው። የግንባታ ፈቃድ ቢሮ የበር ጥበቃ ነው። በር ላይ መቆም ሕግ ያስተምር ይመስል፣ አጥር ሊያጥር የፈለገም ጣራ ሊቀይር ያሰበም መጀመሪያ የሚያማክረው እሱን ነው። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም አማክሬዋለሁ። ጉሮሮውን ይጠርግና «በአንቀጹ መሠረት…» ብሎ ይጀምራል። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

አዲሱ የሕንፃ ሕግ የወጣ ሰሞን የቢሮው መሐንዲስ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ አስረዳ። «ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያይ መስኮት ክልክል ነው፤ ይህ ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ይጸናል» ሲል አንቀጽ ሰማ። ወዲያው የኃላፊው መኪና ክላክስ ነፋ፤ ሮጦ በሩን ከፈተ። ሲመለስ ሰው እያጨበጨበ ነበር። ያመለጠውን መጠየቅ ደግሞ ለአንቀጽ ሞቱ ነው።

በዚያው ዕለት ጎረቤቱን ልብስ ሰፊዋን እትዬን አስጠነቀቀ። የስፌት መኪናቸው የተቀመጠበት መስኮት በቀጥታ የሰው ግቢ ያያል። «እትዬ፣ መጥተው ሳይቀጡዎት ይድፈኑት!» አላቸው። ብሎኬቱን ራሱ ተሸክሞ አመጣ፣ ሲሚንቶውን ራሱ አቦካ። እትዬም መረቁት።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ባለጉዳይ፣ አንቀጽ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ፣ መሐንዲሱን በሩ ላይ አስቁሞ የአሮጌ ቤት መስኮት መደፈን አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ከዛሬ ጀምሮ ያልነው ለአዲስ ግንባታ ነው» አለው መሐንዲሱ። «የነባር ቤቶች ክፍል የሚጸናው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያኔም የማያሳይ መስታወት ይበቃል። ድፈኑ ያላችሁ ማነው?»

አንቀጽ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከዚያ ወዲህ በእትዬ ደጅ ማለፍ ትቶ በጓሮ ይዞራል። ጠዋት «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ይወጣል፣ ማታ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። አንድ ቀን ጭራሽ እትዬ ራሳቸው ቢሮው በር ላይ ብቅ አሉበት። «ልብስ ላደርስ ነው» አሉት። ቀና ብሎ ሳያያቸው ከፍቶ አሳለፋቸው።

ቀደም ብሎ እትዬ ጋ ለጥገና የሰጠውን የደንብ ልብስ መውሰዱ ግን አልቀረለትም። እሑድ ጠዋት ሄደ። ውጭው ፀሐይ ነው፣ ቤቱ ውስጥ አምፖል በርቷል። እትዬ መርፌ ይዘው ዓይናቸውን አጨንቁረዋል።

«ና እስቲ፣ ክሩን አስገባልኝ።»

መርፌውን ተቀበላቸው። «እትዬ… መስኮቱ መደፈን አልነበረበትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ። ቢሮህ ገብቼ ጠየቅኩ እኮ፤ በሩን የከፈትክልኝ አንተው ነህ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ።»

አንቀጽ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ቤቱ ሄዶ መዶሻ ይዞ ተመለሰ። ብሎኬቱን መምታት ሲጀምር ሁላችንም አጥሩ ላይ ተንጠላጠልን። አንዱ እየሳቀ፣ «አንቀጽ! ዛሬ ደግሞ በየትኛው አንቀጽ ነው?» አለው።

አንቀጽ መዶሻውን አወረደና ወደ እኛ ዞረ።

«አላውቅም» አለ፣ ሁላችንም እንድንሰማው ጮክ ብሎ። «ያን ጊዜም ሳላውቅ ነው ያስደፈንኳቸው።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። እትዬ ብቻ ከውስጥ፣ «ቀስ በል እንጂ፣ ስፌት መኪናዬን አቧራ አታልብስብኝ!» አሉ።