አፍ የፈታበት ቋንቋ ሲመለስ

አባቴ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶበት ከሆስፒታል ሲወጣ፣ አፍ የፈታበት ቋንቋ ጠፍቶ እንግሊዝኛው ብቻ ቀርቶለት ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ እንደሚያጋጥም ነገረን። እናቴ ግን አላመነችም። ታሞም ይኮራብኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እኔም አልፈረድኩባትም።

ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ «ጋሽ ሲኖኒም» ይሉት ነበር፤ አንድ ቃል የጠየቀውን አምስት ተመሳሳይ ሳይከምርበት አይለቅም። ቤት ውስጥም ያው ነው። እራት ላይ እኔና ወንድሜ በእንግሊዝኛ ብቻ እንድናወራ ደንግጎ ነበር። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ልብስ ስፌት የገባችው እናቴ በገዛ ገበታዋ ላይ አፏን ዘግታ ትበላለች። እንግዳ ከመጣማ ጭራሽ ምግቡን አቅርባ ወደ ስፌት መኪናዋ ነው የምትመለሰው።

አሁን የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሳይሞት በሚገባት ቋንቋ እንዲያናግራት። ያን ሁሉ ዓመት አብረው ኖረው ያልተባባሉት ብዙ ነገር ነበር። ማታ ማታ ከመድኃኒት ቤት ሥራዬ ስመለስ አስተረጉምላቸዋለሁ፤ ውሃ ይፈልጋል፣ ትራሱን ከፍ አድርጊለት። ከዚያ የሚያልፍ ወሬ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ጠዋት ስትነሳም ስትተኛም አንደበቱን መልስለት እያለች ትለምናለች።

አንድ ቅዳሜ ቀደም ብዬ ስገባ ከመኝታ ቤቱ ሳቅ ሰማሁ። እናቴ እዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ለካ የሆስፒታሉ ነርሶች እየደጋገሙ ይሉት የነበረው «ሪከቨር» ምን እንደሆነ በምልክት ጠይቃው ኖሯል። አስተማሪ የሚጠይቀው ተማሪ ካገኘ ምን ያስቆመዋል? የሰለለ እጁን በደህናው አንስቶ አሳያት፤ ሪከቨር። መቀሷን ትራስ ሥር ደብቆ ጎትቶ አወጣው፤ ሪትሪቭ። ለመቆም ሞክሮ ተንገዳገደና የአልጋውን ጫፍ ይዞ ቀጥ አለ፤ ሪጌይን። ቀጥሎ ብርድ ልብሱን ከጭኗ ላይ መነተፋት፤ ሪክሌም። የጠፋን ነገር መልሶ ማግኘት ለእሱ እንደየአጠፋፉ ስሙ ይለያያል።

እናቴ «ርትሪብ» ትላለች። እኛን በእንዲህ ያለ ስህተት ጆሯችንን ስንት ጊዜ ጎትቶናል። እሷን ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፈገግ ብሎ፣ «አጌን» ይላታል።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ስፌቷን ትታ፣ ፀጉሯን አበጥራ ከአልጋው አጠገብ ትቀመጥ ጀመር። ደንበኞቿ ቀሚሳችን ዘገየ እያሉ ያጉረመርማሉ፣ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። ያንን ትዕግሥት ለእኔ አሳይቶኝ አያውቅም።

ቀስ በቀስ የቤታችን ቋንቋም ጠብ ጠብ ይል ጀመር። አንድ ቀን «ውሃ» አለ፤ ሌላ ቀን «በሩን»። እናቴ ጸሎቴ ተሰማ ብላ መሬቱን ሳመች።

በዚያው ሰሞን የድሮ ርዕሰ መምህሩ ሊጠይቀው መጣ። እናቴ የዚያን ቀን ወደ ስፌት መኪናዋ አልሄደችም። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሰውየው ጤናው እንዴት ነው ሲላት፣ እየተሽኮረመመች የተማረቻቸውን አራቱንም ቃላት በተራ፣ በራሷ አነጋገር ጠራችለት። ርዕሰ መምህሩ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። የአባቴ ፊት ግን ተለዋወጠ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ጥርት አድርጎ፣ በቤታችን ቋንቋ ተናገረ።

«ተይ እንጂ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም ተናገረ ብዬ ለወንድሜ ደወልኩለት። እናቴን ሳቅፋት ትከሻዋ እንደ እንጨት ደርቋል። ተመስገን አለችና የተበላበትን ሰሃን ሰብስባ ወጣች።

በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምላሱ ፈጽሞ ተፈታ። ሾርባው ቀዝቅዟል፣ ሬዲዮኑን ቀንሺው፣ ይሄ የክር ቁርጥራጭ ቤቱን አቆሸሸው። ትምህርቱ ቀረ። አንድ ከሰዓት እንደ ልማዷ ፀጉሯን አበጥራ ብትገባ፣ ሥራ የለሽም እንዴ ብሎ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ዘረጋው። ያን ቀን አባቴን ጠላሁት።

ማታ የቀሚስ ጠርዝ ስትለቅም አገኘኋትና፣ የለመንሽውን አገኘሽ፣ ታዲያ ምነው ከፋሽ አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«አባትሽማ ተመልሷል፤ ተመስገን ነው። ያኛው ሰውዬ ነው የጠፋብኝ። እሱን መልስልኝ ብዬ እንዳልለምን ደግሞ፣ አባትሽን አሳምምልኝ ማለት ይሆንብኛል።»