ወንድሜን ዛሬ ጠየቁት

ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ቅጽ ይዛ ወንድሜን «ጋሼ፣ መድኃኒቱን ሲወስዱ እርስዎ ራስዎ ምን ይሰማዎታል?» ስትለው ዞሮ እኔን አየኝ።

ጌጃ ሰፈር የታወቀ ልብስ ሰፊ ነበር። በደርግ ጊዜ አእምሮውን ሲያመው ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ይጮህ ጀመር። ይገድሉብናል ብለን በመድኃኒት ዝም አሰኘነው።

ያኔ ሐኪሙ የሚጠይቀው እናታችንን ነበር። «ተመስገን፣ ዝም ብሏል» ስትል «ተሽሎታል» ብሎ ይጽፋል።

እሷ ስታርፍ መላሿ እኔ ሆንኩ። (መቼም አፍ አላጣሁም።)

ዛሬ ግን አፌን ያዝኩ። እሱ ራሱ መለሰ፦ «እጄ ይንቀጠቀጣል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተኝ ስንት ዘመኔ!»

እኛ እኮ ስፌቱን የተወው ሰልችቶት ነው ስንል ኖርን።

እናንተስ ቤት፣ ዝም ስላለ ብቻ ደህና ነው ያላችሁት ሰው አለ?