እናቴ የማትጠራው ፓስዎርድ

አባቴ በሞተ በዓመቱ እናቴ ደም ግፊቷ ተነሥቶ ቡታጅራ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ወደቀች። ያገኛት ግቢያችን ውስጥ የተከራየው መምህር ነው፤ እሱ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ ቁርጡን ነገረን፦ ወይ ሁላችንም በስልካችን የምናያት ካሜራ ይገጠማል፣ ወይ ቤቱ ተቆልፎ እሱ ዘንድ ትገባለች። እናቴ ደግሞ ከዚህ ቤት የምወጣው ጀናዛዬ ሲወጣ ነው አለች።

እኔ ወልቂጤ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። ካሜራ መግጠም ለእኔ ውኃ መጠጣት ነው ብዬ እሑድ ጠዋት ሄድኩ። ግድግዳው ላይ በብሎን አሰርኩት፣ ሰካሁት፣ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ስልኬ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ፓስዎርዱን ያወጣው አባቴ ነበር፤ የእሱ ስልክ ደግሞ በለቅሶው ግርግር ጠፍቷል።

እናቴን ጠየቅኋት።

"እሱ ነው" አለችኝ።

"እሱ ማን?"

"የእናንተ አባት።"

ገባኝ። እናቴ የአባቴን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም። እሷ ባደገችበት በመስቃን ገጠር፣ በእሷ ዘመን፣ ሴት የባሏን ስም አትጠራም፤ "እሱ" ትላለች፣ ወይ "የልጆቼ አባት"። ጓሮ ሆኖ ስትፈልገው እንኳ የምትጣራው የእኔን ስም ነበር፤ የሚመጣው ግን እሱ ነው።

የአባቴን ስም ጻፍኩ። አልተቀበለም። በትልቁ ፊደል ጀመርኩት፣ የአያቴን ስም ጨመርኩበት፣ የተወለደበትን ዓመት አስከተልኩ። እምቢ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእኔ ነው። ራውተሩን እንደ አዲስ ላስጀምረው ብል ቴሌ የሞላበት የኢንተርኔት መስመሩ መግቢያ ኮድ አብሮ ይጠፋል፤ ባለሙያ እስኪመጣም ቀናት ይፈጃል። ንዴቴን መቻል አቃተኝ። ወንድሜ ማታ ሲደውል ምን ልበለው፣ አዲስ አበባ መሄድ ነው እንዴ ያማረሽ ብዬ ጮኽኩባት።

እናቴ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች። አባቴ ፓስዎርዱን ሲያወጣ እየሳቀ ያላትን ነገረችኝ፦ ካንቺ አፍ የማይወጣውን ስም ነው ያደረግሁት፣ ሌባ ቢያስጨንቅሽ እንኳ አያገኘውም ብሏት ነበር። መታወቂያው ላይ ያለው ስሙ አይደለም። እናቱ ያወጣችለት የቤት ስሙ ነው፤ ከመንደሩ ከወጣ ወዲህ ማንም ያልጠራው፣ እኛ ልጆቹም ያልሰማነው።

ካሜራውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስሙን ጠራችው።

በጣም ቀስ ብላ ስለነበር ግማሹ አመለጠኝ። ድገሚው ማለት ከበደኝ፤ ግን አልኳት። ደገመችው። አንድ ፊደል ተሳስቼ ኖሮ አሁንም እምቢ አለ። እንደገና ስትጠራው ለእኔ አልነበረም፤ ሌላ ክፍል ያለን ሰው እንደምትጠራ ነበር ድምፅዋ። ፊደሉን አስተካከልኩ፣ ካሜራው ተገናኝቶ መብራቱ ሰማያዊ ሆነ።

"በሕይወቱ ብጠራው ምን ነበረበት?" አለች።

እጇን ይዤ አለቀስኩ።

ማታ ወንድሜ በስልኩ አያት፤ የአዲስ አበባው ነገር ቀረ። እኔም ወልቂጤ ሆኜ አያታለሁ። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ሱቄን ከፍቼ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ስልኬን ስከፍተው እናቴ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስሙን ትጠራዋለች። ቆይታ ደግሞ ትጠራዋለች። ካሜራው ያያል እንጂ ይሰማል ብሎ የነገራት የለም፤ እኔም አልነገርኳትም።

የካሜራውን ማይክ ከዚህ ሆኜ በስልኬ ዘጋሁት። እኅትና ወንድሞቼ ምስሉ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ግን ተበላሽቷል፣ መቼ ነው የምትሠሪው ይሉኛል። ይሄኛው ካሜራ ድምፅ የለውም እላቸዋለሁ።