ያሟሸሁት ማይክሮዌቭ

ልጄ ከደጃፉ ቆማ «ማይክሮዌቩን አይንኩት» ብትለኝ ኖሮ አልነካውም ነበር። እሷ ያለችኝ ሌላ ነው። ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ «እማዬ፣ ሦስት ቀን ነው። ዓርብ ስመለስ ቤቱን እንደተውኩት ካገኘሁት፣ በጥር ግሽ ዓባይ ብቻዎን ይሄዳሉ፤ አፌን አልከፍትም። አንድ ነገር ተበላሽቶ ከጠበቀኝ ግን መንከራተት ቀረ። እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ እኔ ዘንድ ይቀመጣሉ» አለች። የምትሠራው ግብርና ቢሮ ነው፤ ስለ በቆሎ ዘር ሊያሠለጥኗት አዴት ጠርተዋት ነበር። በበቆሎ ያሳደግኋትን ልጅ! እኔም «በደኅና ግቢ» ብዬ ሸኘኋት። ረቡዕ ጧት ነው።

መንከራተት የምትለው ይህን ነው። ገጠር ቤት አለኝ። ወር ተቀምጬ ሲሰለቸኝ ፍኖተ ሰላም እሷ ዘንድ እመጣለሁ። ቡሬ ደግሞ እህል የሚነግድ ወንድ ልጅ አለኝ። ከቡሬ «ዱርቤቴ ያለችው የክርስትና ልጄ ናፈቀችኝ» ብዬ እነሳለሁ። ጥር ሲመጣ ግሽ ዓባይ፣ ጠበል። መንገድ ተዘጋ ሲሉ ካለሁበት እቀመጣለሁ፤ ተከፈተ ሲሉ ነጠላዬን አጣፋለሁ። ልጆቼ ይህን አይወዱትም። አምና ሚኒባስ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ፍኖተ ሰላምን አልፌ ደንበጫ ወረድኩ። እነሱ «እማዬ ጠፉ» ብለው አገር አስጨነቁ፤ እኔ ደንበጫን አይቼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ በስልክ «የት ይቀመጡ?» እየተባባሉ ይመክራሉ። እኔ እዚያው ሴት ልጄ አጠገብ ሆኜ፣ ዋጋዋ እንደሚነገርባት ላም ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ።

ማይክሮዌቩን ያመጣው ባሕር ዳር የሚሠራው አማቼ ነው። ወር አልሞላውም። ወጥ በሁለት ደቂቃ ያሞቃል፤ ግን ልጄ በቀመሰች ቁጥር አፍንጫዋን ትሸበሽባለች። «ላስቲክ ላስቲክ ይላል። ምኑ ይሆን?» ስትል እሰማታለሁ። ምኑ እንደሆነ እኔ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። አልተሟሸም።

ሸክላ ድስት ገዝቶ ያንኑ ቀን ወጥ የሚሠራበት ሰው አይቼ አላውቅም። ጎመን ዘር ይቆላል፣ ይወቀጣል፤ የዕቃው ውስጥ ጥግብ እስኪል ይታሻል፤ ከዚያ ባዶውን እሳት ላይ ይጣዳል። ጭሶ ጭሶ፣ ጠጥቶ፣ ጠቁሮ ሲወርድ ዕቃ ይሆናል። ያልተሟሸ ዕቃ ይይዛል፣ አፈር አፈር ይላል፣ ባልና ሚስት ያጣላል። ልጄ ይህን አታጣውም፤ በጎመን ዘር የወዛ ድስት ነው ያሳደጋት። የተማረ ሰው ግን መሰኪያ ያለው ዕቃ ሁሉ ተሟሽቶ የሚመጣ ይመስለዋል።

እንግዲህ ያቺ ረቡዕ፣ የእሷ መኪና መናኸሪያውን ሳይለቅ እኔ ጎመን ዘሩን ቆልቼ ጨርሻለሁ። ሐሳቤ ክፉ አልነበረም። ዓርብ ትመጣለች፣ ሽሮዋን ታሞቃለች፣ ትቀምሳለች፣ «ኧረግ! ዛሬስ ምን ሆነ?» ትላለች። እኔ ሁለት ቀን ዝም እላለሁ። በሦስተኛው እናገራለሁ። ከመናገሩ ይልቅ ዝም የምልባቸውን ሁለት ቀኖች ሳስብ ነበር ደስ የሚለኝ።

ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን አሸሁት። በቀኝ ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል፣ ካርቶን የምትመስል ነገር ተሰክታለች፤ እሷንም «አንቺስ ለምን ይቅርብሽ?» ብዬ ደኅና አድርጌ አጠጣኋት። ብርጭቆ ሳህኑን መለስኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ማዞሪያውን እስከ አሥር አዞርኩት። ድስትማ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ደስ የሚል ሽታ ወጣ። «ይኸው!» አልኩ። ቀጥሎ ቷ! አለ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ! በመስኮቱ ሳይ ሰማያዊ መብረቅ በቀኙ ግድግዳ ላይ ይሮጣል። በሥላሴ ስም ብዬ መሰኪያውን ነቀልኩት። ጭሱ ሲጠራ ያቺ ካርቶን መሳይ መሃሏ ተበስቷል፤ ዙሪያዋ ከሰል ሆኗል።

ተቀመጥኩ። ግሽ ዓባይ ከዓይኔ እየራቀ ሄደ። ከእንግዲህ እዚህ ሶፋ ላይ፣ ዳንቴል እንደለበሰ ዕቃ ተቀምጬ ልቀር ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጠጋኝ አይጠፋም፤ ልጄን የማያውቅ ጠጋኝ ግን የለም። እኔ ከሱቁ ሳልወጣ ወሬው አዴት ይገባል።

ጥቂት ቆይቼ ያቺን ቁራጭ በጥፍሬ ሳብ ባደርጋት ወጣች። ጠርዟ እንደ ሽንኩርት በንብርብር ይላጣል፤ ብርሃን ሲያገኛት ታብለጨልጫለች። ያኔ አወቅኋት።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቡሬ ልብስ ሰፊ ነበር። የኤሌክትሪክ ካውያው በተበላሸ ቁጥር ካቻቢቴውን ይዞ ይፈታዋል። ሆዱ ውስጥ ሦስት እንደዚህ ያሉ ሉሆች አሉ፤ በመካከለኛዋ ላይ የሚግለው ሽቦ ተጠምጥሟል፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ያለብሱታል። «ማይካ ነው፤ እሳት የማይበላው ልብስ» ይለኝ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከእሱ የልኬት ደብተር ላይ ነው፤ «ደረት»፣ «ወገብ»፣ «እጅጌ» እያልኩ። ስለዚህ አንድ ነገር ሳይ መጀመሪያ የማስበው ልኩን ነው። ይህቺ ልኳ መዳፍ ናት። የካውያው ከዚህ ይሰፋል።

ካውያው ግን ቡሬ ነው ያለው። ባሌ ሲሞት ሱቁን ከነዕቃው የያዘው አብሮት ይሠራ የነበረው ልብስ ሰፊ ነው። እንግዲህ መንከራተት እንዳይቀርብኝ መንከራተት ነበረብኝ።

ሐሙስ ጧት የተቃጠለችውን ቁራጭ በመሐረብ ጠቅልዬ ሚኒባስ ገባሁ። ደንበጫ ትዝ እያለኝ ዓይኔን አልከደንኩም። ቡሬ ስወርድ የገበያ ቀን ነው። ወደ ልብስ ሰፊው የሚወስደው መንገድ በወንድ ልጄ እህል ቤት ፊት ለፊት ያልፋል። እናት በልጇ ደጅ ሰላም ሳትል ማለፏ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ካየኝ ግን ለእህቱ ይደውላል። ስለዚህ በበርበሬ ተራ ዞርኩ፤ እሱ ደጁ ላይ ቆሞ በቆሎ ያስመዝናል፣ እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ በጆንያዎቹ መካከል እሾልካለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ በርበሬው አፍንጫዬ ገባ።

የእኔ ማስነጠስ የታወቀ ነው። ባሌ «በሬ ያስደነብራል» ይለው ነበር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከአንድ ጆንያ ጀርባ ዱብ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ይማርዎ እናቴ!» ብላ ጮኸች ባለበርበሬዋ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ!»

«ምነው? ከማን ተደብቀው ነው?»

«ከልጄ።»

«ኧረግ! ልጅ ነው እንጂ ከእናት የሚደበቅ!»

«ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

ቀና ብላ ወደ እህል ቤቱ አየች። «እሳቸው ናቸው? አንገታቸውን አስግገው እያዩ ነው። ይቆዩ... ይቆዩ... አሁን ወደ ሚዛኑ ዞሩ። ይሂዱ፣ ይሂዱ!» ብላ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለችኝ። እንዲህ ያለች ሴት ለአገር ታስፈልጋለች።

ልብስ ሰፊው ሽበቱ ሙሉ ሆኗል። ካውያው ከሞተ ቆይቷል፤ ጨርቅ እንዳይነሳ መጫኛ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«ካውያውን ፈልጌ ነው።»

«ይኼ እኮ አይሠራም።»

«ሆዱን ነው የምፈልገው።»

«በዚህ ዕድሜዎ መተኮስ ሊጀምሩ ነው ወይስ መድኃኒት ሊቀምሙ?»

«አንተ ካቻቢቴውን አምጣ፤ ጥያቄው ይቆይህ።»

መሐረቡን ፈትቼ የተቃጠለችውን ሳሳየው ሳያስጨርሰኝ ሳቀ። «ማይክሮዌቭ! የማን ነው?»

«የሰው።»

«የሰው ወይስ የልጅዎ?»

«ልጅ ሰው አይደለም እንዴ?»

ሳቁን ሲጨርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ ይስሙኝ። ከሆዱ ይህቺን ይለውጡ፤ ጥቁሩን አንድ ሳይቀር ያጽዱ፤ ጥቁር ከቀረ መብረቁ ይመለሳል። ጀርባውን ግን እንዳይፈቱት። ጎረቤቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ነቅዬዋለሁ ብሎ ጀርባውን ፈትቶ ቢነካው አሽቀንጥሮ ከግድግዳ አላተመው። ይኼ ዕቃ ከተነቀለም በኋላ ቂም ይይዛል።»

«ቂመኛ ሰውንም ከጀርባው አልነካም» አልኩት።

ካውያውን ፈታው። መካከለኛዋ ሉህ ከነሽቦዋ ተቃጥላለች፤ ሁለቱ ግን ጭረት ሳይነካቸው ወጡ። ባሌ ከተቀበረ ወዲህ ያንን ካውያ የከፈተው ሰው አልነበረም። ከዚያ ልብስ ሰፊው ሉሆቹን በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝና፣ «ባለቤትዎ አሁንም ያለብሱዎታል» አለኝ። የጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔም ጨመረልኝ።

ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ፍኖተ ሰላም ተመልሻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና አልቸኮልኩም። መጀመሪያ በሎሚና በለብ ያለ ውኃ ሆዱን አጠብኩት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ጥቁሩን ፋቅሁ። የተቃጠለችውን በአዲሷ ላይ አስተኝቼ በጠመኔ ዙሪያዋን አሰመርኩ፣ እንደ ኮሌታ። በልጄ መቀስ በቀስታ ቆረጥኩ፤ ስትሰነጠቅብኝ ደግሞ እየተውኩ፣ ትንፋሼን እየያዝኩ። ማዕዘኗን በድንጋይ ሞረድኩ። ከቦታዋ ሳስገባት እንደ ቁልፍ በቁልፍ ቤቱ ግጥም አለች።

ልሞክረው መሰኪያውን ሳነሳ መብራት ጠፋ።

ሐሙስ አልመጣም። ዓርብ ጧትም አልመጣም። እኔ በየሰዓቱ ማብሪያውን ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ። የባሰው ደግሞ ሽታው ነው፤ መስኮቱን ብከፍት፣ በሩን ብከፍት፣ ጎመን ዘሩ ከቤቱ አልወጣ አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጄ አቧራ ለብሳ ገባች።

«እማዬ፣ ደኅና ሰነበቱ? ርቦኛል።» ዓይኗ ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ሸክላዎቹን እየቆጠረ ዞረ። ሁሉም አለ። ፈገግ አለች። ሽሮዋን በጎድጓዳ ሳህን ጨለፈች። ያን ጊዜ መብራት መጣ። ከሐሙስ ጀምሮ የለመንኩት አምላክ፣ እሷ እጇን ስትዘረጋ ጠብቆ!

ሽሮውን አስገባች፣ ማዞሪያውን አዞረች። እኔ «ልቀመጥ» ብዬ መሰኪያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዝምምም አለ። ሳህኑ ዞረ። መብረቅ የለም። ውዳሴ ማርያሜን በሆዴ ግማሽ አድርሼ ነበር፤ እዚያው ተውኩት። ከዚያ ሣጥኑ ሞቀና፣ በሎሚ የተሸነፈ የመሰለው ጎመን ዘር እንደ አዲስ ተነሣ።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ጎመን ዘር ይሸታል።»

«ጎረቤት ይሆናል።»

በሩን ከፈተች። ጣቷን ጣሪያው ላይ አሻሸች፣ ጣቷን አየች። ወዝ። ዓይኗ ወደ እኔ፣ ወደ ሣጥኑ፣ እንደገና ወደ እኔ።

«አሟሹት?!»

«ያልተሟሸ ዕቃ...»

«ማይክሮዌቭ አሟሹ!» ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ነገሩ ተፈታ ብዬ አብሬ መሳቅ ስጀምር፣ ጎንበስ ብላ ወደ ቀኙ ግድግዳ አየች። ሳቋ ቆመ።

«ይህቺ አዲስ ናት። ከየት አመጧት?»

ከአነጋገር ይፈረዳል። «ከአባትሽ ካውያ» አልኩ።

«የአባቴ ካውያ ቡሬ ነው።»

«አዎ።»

«ቡሬ ሄዱ? ብቻዎን? መቼ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ለወንድሟ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው። «እማዬ አንተ ዘንድ መጥተው ነበር?»

«አልመጡም። ምነው?» አለ ወንድ ልጄ። ቀጥሎ፣ «ሐሙስ ዕለት ግን በርበሬ ተራ ማስነጠሳቸውን ሰማሁ እኮ! ዞሬ ባይ የሉም። ናፍቀውኝ ጆሮዬ የፈጠረው መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ከፋኝ» አለ።

ከሁሉ እሱ ወጋኝ። «እኔ ነኝ ልጄ» አልኩ ወደ ስልኩ። «ተደብቄህ ነው። ማረኝ።» ከወዲያ ሳቅ ተሰማ፤ ከወዲህ ግን አልተሰማም።

ልጄ ስልኩን ዘጋችና በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። «ቡሬ ሄዱ። ከልጅዎ ተደበቁ። ካውያ አስፈቱ። በቀኑ ተመለሱ።»

«ምሳ ሳያልፍ።»

«ደንበጫም አልወረዱም።»

«አልወረድኩም።»

ምን ልትል እንደነበር አላውቅም፤ ርቧት ስለነበር ሽሮውን አውጥታ ቀመሰች። አፍንጫዋን አልሸበሸበችም። እንደገና ቀመሰች።

«ላስቲኩ ጠፍቷል» አለች።

ሁለት ቀን ዝም ልል ያሰብኩት እኔ ሁለት ደቂቃ አልቻልኩም። «አላልኩሽም?»

«ምንም አላሉኝም!» አለች። ግን ደጋግማ ጎረሰች፤ ሳህኑን ጠረገችው። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ፍርዱ ነበር። «ቤቱን እንደተውኩት አላገኘሁትም» አለች። ሶፋውን አየሁት። «ለብቻው መሄድ የማይችል ሰው ግን እንዲህ ያለ ጥፋት ማጥፋትም ማረምም አይችልም። በጥር ይሂዱ። ቡሬ ሲደርሱ ግን ልጅዎ ዘንድ ያድራሉ። ሳይደበቁ!»

«አድራለሁ» አልኳት፤ ከልቤ ነው።

ሁለተኛዋን ሉህ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬያታለሁ። ወንድ ልጄም በቅርቡ ማይክሮዌቭ ገዝቷል አሉ። ምራቴ በቀመሰች ቁጥር አፍንጫዋን ትሸበሽባለች አሉ።