የፍሬን ሙከራ ተሳፋሪ

የፍሬን ዘይት ሲሸተኝ ዛሬም ልቤ ስፍስፍ ይላል። አባቴ መካኒክ ነበር፤ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ከቤታችን ጋር በተያያዘች የቆርቆሮ ጋራዥ ይሠራ ነበር። አንድ የማይዘለው ልማድ ነበረው። የማንንም መኪና ፍሬን ከሠራ፣ ባለቤቱ ከመረከቡ በፊት እኔን ጋቢና አጠገቡ አስቀምጦ የጅሬንን ቁልቁለት ይወርድበታል። እናቴ እስክንመለስ ከበራፉ አትነቃነቅም። እኔ ግን ደስታዬ ሌላ ነበር፤ የሰፈር ልጆች እንዲያዩኝ አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ።

ከሁሉም የማልረሳው የሐጂ ጀማልን መኪና ነው። ሐጂ የቡና ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ሲሉ፣ በማግስቱ የሰርጉን ሴቶች አሳፍራ ወደ አጋሮ የምትሄደው አሮጌ የጭነት መኪናቸው የፍሬን ቱቦዋ ፈነዳ። ሐጂ ቸኩለው ኖሮ ቱቦውን ራሳቸው ገዝተው መጡ፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ መዳብ። እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። አባቴ በሁለት ጣቱ አጠፍ አድርጎ የፍሪጅ ቱቦ መሆኑን ነገራቸው። የፔዳሉን ግፊትና የመንገዱን ንዝረት ስለማይችል ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል አላቸው። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ ጅማው መርካቶ ወረድን።

የብረቱ ቱቦ ገና ከመጀመሪያው የመለዋወጫ ሱቅ ተገኘ። ያንከራተቱን ቱቦውን ከመኪናው ጋር የሚያስሩት መሃላቸው ክፍት የሆነ ትንንሽ ቡሎኖች ናቸው። የድሮዎቹ ጥርሳቸው ተበልቷል። አባቴ የሚገቡበትን መገናኛ ከመኪናዋ ፈትቶ በኪሱ ይዟል። ባለሱቆቹ መሳቢያ እየሳቡ ሲያቀርቡለት፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ያሽከረክራል። ትንሽ ሄዶ ጠበቅ ካለበት አመስግኖ ይመልሳል። በመፍቻ ቢገፋው እኮ ይገባ ነበር፤ እንዲያ የገባ ግን መገናኛውንም ይዞ ይበላሻል ብሎ አይነካውም። በየሱቁ አፌን ከፍቼ አየዋለሁ፤ ጣቶቹ ዓይን ያላቸው ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ከእህል ተራ ጀርባ፣ አሮጌ መኪና የሚፈታታ ሰው ዘንድ፣ ግራሶ ከሞላው ጣሳ ውስጥ በጣት ብቻ እስከ ታች የሚወርዱ ተገኙ። አባቴ ቀስ ብሎ "አልሐምዱሊላህ" አለ።

ጋራዥ ስንመለስ ቱቦውን ቆርጦ፣ ቡሎኖቹን አጥልቆ፣ ሞርሳ በሚሉት የብረት መንከሻ አስሮ አፉን ወደ ውጭ አሰፋው። ያ ደረቅ ብረት በእጁ እንደ ሊጥ ታዘዘለት። ገጥሞ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ የሐጂ ሾፌር ፔዳሉን እንዲረግጥ አደረገና ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ እያንዳንዷን መገናኛ በነጭ ወረቀት ጠረገ። አንዷ ላይ ወረቀቱ ረጠበ።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ሐጂም ትዕግሥታቸው አልቋል። ጎንበስ ብለው፣ "ሜ፣ እስቲ ተዋት፣ ትንሽ ላብ ናት። ኢንሻአላህ አጋሮ ታደርሰናለች" አሉት።

አባቴ ከሥር ሳይወጣ፣ "ሐጂ፣ አሁን የማሳፍረው ልጄን ነው" አላቸው።

ሐጂ አንድ በርሜል ላይ ተቀምጠው፣ አባቴ ቱቦውን አውልቆ ሌላ ቆርጦ እንደ አዲስ ሲጀምር እስከ መጨረሻው ጠበቁት።

በአዲሱ ቱቦ ላይ ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ጠራኝ። ጅሬን አናት ላይ "ቢስሚላህ" ብሎ ለቀቃት። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሮጡ፣ የመኪናዋ ወለል ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አባቴ ረገጠው፤ ያ ሁሉ ብረት ቀጥ አለ። አቧራው አልፎን ሲሄድ እግሩን አየሁት፤ በሸራ ጫማ ውስጥ ያለ አንድ ቀጭን እግር። ከዚያ በላይ ኃይለኛ ነገር በዓለም ያለ አልመሰለኝም።

ዛሬ እኔም መኪና እነዳለሁ። ባለፈው የፍሬን ቱቦዬን ሳስቀይር፣ ተቆርጦና ተጣጥፎ የተዘጋጀው ቱቦ ከነቡሎኑ በላስቲክ ታሽጎ ከአዲስ አበባ መጣልኝ። ወጣቱ መካኒክ በጥንቃቄ ገጥሞ፣ ፈትሾ ቁልፉን ሰጠኝ፤ ሥራውን የሚያሳማ ነገር አላገኘሁበትም። ሴት ልጄ ጋቢና ገብታ ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ግን ፈትቼ አወረድኳት። የጅሬንን ቁልቁለት ብቻዬን ወርጄ ስመለስ የጋራዡ በራፍ ላይ አኩርፋ ጠበቀችኝ። "ለምን ትተሽኝ ሄድሽ?" አለችኝ። አባቴ በእጁ ሥራ የነበረው ዓይነት እምነት እኔ በምንም ነገር ላይ ኖሮኝ አያውቅም።